ከመምህሩ ባሻገር፦ የደቀ መዝሙር ውለታ በቫይሽናቫ፣ በቅኔ ቤትና በሐድራ

መግቢያ

የቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንና የኮልፌ የሙስሊም መካነ መቃብር የሚገኙት በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል ባሉት መንደሮች መምህሩን «የኔታ» የሚል ክርስቲያንና መምህሩን «ሸሆቹ» እያለ በክብር የሚያነሣ ሙስሊም ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። አንዱ የጎጃምን ወይም የጎንደርን ጉባኤ ቤት የሚያውቅ ነው፤ ሌላው ከወሎ ወይም ከጉራጌ ሸሆች ዱዓ የተቀበለ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሁለቱም ስለ ትምህርታቸው ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚናገሩት ምን እንደተማሩ ሳይሆን ከማን እንደተማሩ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ልማድ ነው። ደቀ መዝሙር ለመንፈሳዊ መምህሩ ያለበትን ውለታ የሚከፍለው በምንድን ነው? በውዳሴ? በአገልግሎት? ወይስ የተቀበለውን ለሌላ በማስተላለፍ? ጥያቄውን ለማብራት በመጀመሪያ ወደ ሕንድ እሄዳለሁ። ቪሽኑን፣ በተለይም ክሪሽናንና ራማን በሚያመልኩት በቫይሽናቫዎች ዘንድ ለመምህር የሚቀርብ ምስጋና ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆኖ ለዘመናት ተጽፏል፤ ተዘምሯል፤ ተተችቷል። ከዚያ ወደ ቅኔ ቤታችንና መንዙማና ዱዓ ወደሚደረግበት የሙስሊሞች ጉባኤ፣ ወደ ሐድራችን እመለሳለሁ። የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፤ እውነተኛ የደቀ መዝሙር ምስጋና መምህሩ ላይ ደርሶ አይቆምም፤ በእሱ በኩል አልፎ እሱ ወዳመጣው እውነትና ከእሱ በኋላ ወደሚመጡት ተማሪዎች ይሄዳል። መምህሩ ላይ የቆመ ምስጋና ግን ወይ ወደ አምልኮተ ሰብ ይለወጣል፣ ወይ ከሐዘን ቤት ንግግር ጋር ያበቃል።

መምህሩን ብቻ ያመሰገነው ባለቅኔ

በደቡብ ሕንድ የታሚል ቫይሽናቫዎች ዘንድ አልዋር የሚባሉ 12 ቅዱሳን ባለቅኔዎች ይከበራሉ። መዝሙሮቻቸው 4,000 ያህል ስንኞችን በያዘ መድበል ተሰብስበዋል። ከእነዚህ መካከል ማዱራካቪ የተባለው ከሌሎቹ ይለያል። በመድበሉ ውስጥ የገባለት አንድ መዝሙር ብቻ ነው፤ እሱም 11 አንጓ ያለው አጭር ድርሰት ነው። መዝሙሩ የሚያወድሰውም አምላክን ሳይሆን የማዱራካቪን መምህር ናማልዋርን ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው ማዱራካቪ በዕድሜ የገፋ፣ የተማረ ብራህሚን ነበር። በሰሜን ሕንድ ሳለ በደቡብ አቅጣጫ ብርሃን አይቶ ተከተለው። ብርሃኑ ያደረሰው በአንድ የተምር ሂንዲ ዛፍ ሥር ዝም ብሎ ወደተቀመጠው ወጣት፣ ወደ ናማልዋር ነው። ወጣቱ በሕንድ የዘር እርከን ከብራህሚን በታች ከሚቆጠር ወገን የተወለደ ነበር። ሽማግሌው ጠየቀው፤ ወጣቱ መለሰለት፤ ሽማግሌውም በወጣቱ እግር ሥር ወድቆ ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ዕድሜ፣ ዘርና ትምህርት የሠሩት ደረጃ በአንድ ጥያቄና መልስ ተገለበጠ።

ይህ ታሪክ ለምን ለዘመናት ተወደደ? ለአማኞቹ ምላሹ ግልጽ ነው፤ የመምህርነት ሥልጣን ከእውቀት እንጂ ከትውልድ አይመጣም። ለሂስ ጸሐፊ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው የመዝሙሩ ዕጣ ፈንታ ነው። ከዘመናት በኋላ የናማልዋር ድርሰቶች ጠፍተው ናታሙኒ የተባለ ሊቅ ፍለጋ ወጣ። ያገኘው የማዱራካቪን 11 አንጓዎች ብቻ ነበር። ትውፊቱ እንደሚተርከው ናታሙኒ ያንን የምስጋና መዝሙር በዚያው ዛፍ ሥር 12,000 ጊዜ ደገመው፤ በዚህም የመምህሩ ድርሰቶች ሁሉ ተገለጡለት። ትረካው ተአምር ይሁን ምሳሌ፣ የያዘው ቁም ነገር የማያሻማ ነው። የደቀ መዝሙሩ ምስጋና የመምህሩን ስም ከፍ ከማድረግ ያለፈ ሥራ ሠርቷል፤ የመምህሩ ሥራ የተመለሰበት መንገድ ሆኗል። ማዱራካቪ ስለ አምላክ ምንም ያልዘመረ ቢመስልም፣ የአምላክን መዝሙሮች ለትውልድ ያተረፈው የእሱ መዝሙር ነው።

መልእክት አድራሹ

በቅርብ ዘመን ያለውን የቫይሽናቫ ደቀ መዝሙርነት ለማየት የባክቲቬዳንታ ስዋሚ ፕራቡፓዳ ሕይወት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1896 በካልካታ ተወለደ። በ1922 ከመምህሩ ከባክቲሲድሃንታ ሳራስዋቲ ጋር ተገናኘ፤ መምህሩም ገና በመጀመሪያው ውይይት የቫይሽናቫን ትምህርት በእንግሊዝኛ ለውጭው ዓለም እንዲያደርስ ነገረው። ወጣቱ ግን ትዳርና የመድኃኒት ንግድ ነበረው። መምህሩ በ1937 መግቢያ ላይ ሞተ፤ ትእዛዙ ሳይፈጸም ቆየ። ፕራቡፓዳ በጭነት መርከብ ወደ ኒውዮርክ የተጓዘው በ1965፣ በ69 ዓመቱ ነው። በተከታዩ ዓመት ዓለም አቀፉን የክሪሽና ማኅበር መሠረተ፤ በ1977 እስኪሞት ድረስም በርካታ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ።

በዚህ ሕይወት ውስጥ ምስጋና ማለት ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ትእዛዝን መፈጸም ነው። ፕራቡፓዳ መምህሩን በግጥም አወድሷል፤ ዋናው ውዳሴ ግን ጉዞው ራሱ ነው። ስለ መምህርነት ሲያስተምርም መምህር እንደ ፖስተኛ ነው ይል ነበር፤ የተላከውን ደብዳቤ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል፤ ደብዳቤው የእሱ አይደለም። በቫይሽናቫዎች ዘንድ በመምህሩ የልደት ቀን የሚከበረው ቪያሳ ፑጃ የተሰኘ በዓልም በዚሁ መንፈስ የቆመ ነው። ደቀ መዛሙርት ምስጋናቸውን ጽፈው በአደባባይ ያነብባሉ፤ መምህሩም ክብሩን ለራሱ ሳያስቀር ለመምህሩ፣ በመምህሩም በኩል ለመምህሩ መምህር እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። በዓሉ የተሰየመውም በሕይወት ባለው መምህር ሳይሆን ቬዳ የተባሉትን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዳደራጀ በሚነገርለት በጥንቱ ጠቢብ በቪያሳ ነው። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የቪያሳ እንደራሴ ብቻ ነው።

ዜማና ቅኔ፦ ሁለት ዓይነት ታማኝነት

የእኛን ጉባኤ ቤት በዚህ ዓይን ስንመለከተው የበለጠ ውስብስብ ነገር እናገኛለን። የአብነት ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይሰብራል፤ ሲያረጁ ይደግፋል፤ ዓይናቸው ሲደክም መጽሐፍ ያነብላቸዋል። ይህ አገልግሎት የውለታው የመጀመሪያ እርከን ነው። ትልቁ ጥያቄ ግን ከትምህርቱ ጋር ምን ዓይነት ታማኝነት እንደሚጠበቅበት ነው፤ እዚህ ላይ ቤቶቹ ይለያያሉ።

በዜማ ቤት ታማኝነት ማለት አለመለወጥ ነው። ቤተልሔምም ይሁን ቆማ፣ አጫብርም ይሁን ተጉለት፣ እያንዳንዱ ስልት ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ወርዶ፣ በምልክት ተጠብቆ ዛሬ ላይ ደርሷል። ተማሪው አንዲት ምልክት ካጎደለ የኔታ ያስቆሙታል፤ እንደገና ያስጀምሩታል። የዜማ ተማሪ የተቀበለውን እንዳለ በማድረስ መምህሩን ያከብራል። ይህ ፕራቡፓዳ ካስተማረው ጋር አንድ ነው።

ቅኔ ቤት ግን ሌላ ሕግ አለው። መምህሩ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ አስነጋሪው ለተማሪዎች ያስነግራል፤ ተማሪውም ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ፣ በዘይእዜ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ልኩ፣ ቤቱና ሕጉ የመምህሩ ናቸው። ቅኔው ግን የተማሪው መሆን አለበት። የመምህሩን ቅኔ ቃል በቃል ይዞ የቀረበ ተማሪ የማስታወስ ችሎታውን ያሳያል እንጂ ባለቅኔነቱን አያስመሰክርም። ባለቅኔ የሚባለው መምህሩ ያላሰቡትን ምሥጢር በመምህሩ ልክ ሲያወጣ ነው። የኔታም «ይበል» የሚሉት፣ ፊታቸው የሚፈካውና የሚመርቁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሁለት የውለታ አከፋፈል ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ ተማሪ የተሰጠውን በመጠበቅ፣ ሌላው ያልተሰጠውን በመውለድ ያመሰግናል። ይህ የኢትዮጵያ ትምህርት ለዓለም የሚያበረክተው ትልቅ ሐሳብ ይመስለኛል። ለመምህር ታማኝ መሆንና በራስ ማሰብ ይጣላሉ ብሎ የሚሰጋ ሰው የቅኔ ቤትን ሥርዓት ይመልከት፤ እዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያው ማረጋገጫ ነው።

የማዱራካቪም ታሪክ በቅኔ ቤት ዘመድ አለው። ዓይነ ስውር የነበሩት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶች ተማሪዎችን አስተምረዋል። ለወንዶች ብቻ የተተወ በሚመስል ጉባኤ ውስጥ ተማሪዎች ከአንዲት ሴት ዘንድ ሊማሩ መጡ። እዚያም የትውልድና የጾታ ደረጃ በእውቀት ፊት ዝቅ ብሏል። ለየኔታ የሚሰጠው ክብር ለሥጋዊ ማንነት የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ሐድራና ሲልሲላ

ወደ ሌላኛው የኮልፌ ጎረቤት ስንዞር ተመሳሳይ ሥርዓት በሌላ ቋንቋ እናገኛለን። የወሎ ሙስሊም ሊቃውንት ማዕከላት፣ ለምሳሌ ጃማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳናና ሾንኬ፣ በየዘመኑ ከሩቅና ከቅርብ የመጡ ደረሶችን ሰብስበዋል። የጃማ ንጉሡ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቃዲሪያን ጠሪቃ ካስፋፉት መካከል ናቸው፤ የጌታው ሐጂ ቡሽራም እ.ኤ.አ. እስከ 1863 ኖረዋል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ በጻፉትና እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው መጽሐፋቸው የእነዚህን ማዕከላት ታሪክ በሰፊው መርምረዋል።

ደረሳ እንደ አብነት ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ፣ በመንደሩ ሰው ቸርነት እየኖረ ይማራል፤ ለሸሁም ኺድማ (አገልግሎት) ያደርጋል። ሲያበቃ ኢጃዛ ይቀበላል። ኢጃዛው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ግን ከሸሁ ይጀምርና ከሸሁ ሸህ፣ ከዚያም ወደ ኋላ እያለ እስከ ነቢዩ ድረስ የሚዘረጋ ሲልሲላ (ሰንሰለት) አካል ነው። ሙሪዱ (ደቀ መዝሙሩ) ሸሁን ሲያከብር ሰንሰለቱን በሙሉ ያከብራል።

በሐድራ የሚባለው መንዙማም በአሠራሩ ይህንኑ ይመሰክራል። መንዙማ በተለምዶ ለአላህ በሚቀርብ ምስጋናና በነቢዩ ላይ በሚወርድ ሰለዋት ይጀምራል፤ ወልዮችና ሸሆች የሚወደሱት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የሥነ ጽሑፍ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የእምነት አቋምም ነው። ሸሁ በግጥሙ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በሰንሰለቱ ውስጥ ባለው ቦታ ልክ ነው። በጉራጌ ቸሃ የሚገኘው የአብሬት የሸሆች ማዕከልም የዚህ ሥርዓት አንድ ገጽታ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደዚያ የሚጓዙ የጉራጌ ሙሪዶች ዱዓ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ቃል የገቡትንም ያደርሳሉ፤ በአክባሪዎቹ መካከል ክርስቲያኖችም አሉ። መምህርን ማክበር የሃይማኖትን ድንበር እንኳ በአክብሮት ሊሻገር እንደሚችል አብሬት ያስረዳል።

ውለታ ሲጣመም

እስካሁን ያልኩት የውለታን መልካም ገጽ ነው። ሂስ ግን ሌላውንም ማየት አለበት። የፕራቡፓዳ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 መሥራቹን ካጣ በኋላ 11 ደቀ መዛሙርት ዓለምን በክልል ተከፋፍለው የመምህርነት ወንበር ያዙ። በየክልላቸው እንደ መሥራቹ ያለ ክብር ተደረገላቸው፤ ከመካከላቸው የወደቁና ከማኅበሩ የወጡ ነበሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከራሳቸው ከምእመናኑ መካከል የተነሣ የተሐድሶ ጥያቄ ሥርዓቱን እስኪለውጠው ድረስ ብዙ ሰው ተጎዳ። ስህተቱ የመጣው ምስጋና ስለበዛ አይደለም። ክብሩ ወደ ላይ ማለፉን አቁሞ በወንበሩ ላይ በመቅረቱ ነው።

የእኛም አገር ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። የመምህር ቃል አይጠየቅም በሚል ስሜት የተማሪ ስቃይ፣ ረሃብና ግርፋት እንደ ትምህርት አካል የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። በየኔታ ፍቅር ስም ይህን መሸፈን ለየኔታም ክብር አይሆንም። ዛሬም መንፈሳዊ ሥልጣን አለኝ የሚል ሰው በዙሪያው ተከታይ ሲሰበስብ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ከማን ተማርህ? የምትቀበለውን ክብርስ ለማን ታሳልፋለህ? መምህር የሌለው መምህር፣ ክብሩንም የሚያሳልፍበት የሌለው፣ በቅኔ ቤትም በሐድራም በቫይሽናቫም ሚዛን ይወድቃል።

መታዘዝም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ከታላላቅ የቫይሽናቫ መምህራን አንዱ ስለሆነው ስለ ራማኑጃ የሚተረክ ታሪክ አለ። ምሥጢራዊውን ጸሎት ለመቀበል ወደ ቲሩኮሽቲዩር ከተማ 18 ጊዜ ተመላልሶ መምህሩን ደጅ ጠና። በመጨረሻም ለማንም እንዳይናገር፣ ቢናገር ግን ገሃነም እንደሚገባ ተነግሮት ተቀበለ። እሱ ግን በቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጥቶ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ አሰማ፤ ብዙዎች ከዳኑ የእሱ መጥፋት ዋጋ እንዳለው ለመምህሩ መለሰ። መምህሩም አቀፈው። ትእዛዙን የጣሰው ደቀ መዝሙር የትእዛዙን ዓላማ ፈጸመ፤ መምህሩም በተማሪው ውስጥ ከራሱ የሚበልጥ ርኅራኄ አየ።

በእኛ ታሪክ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት የደቀ መዝሙር ታማኝነት ሌላ ገጽ ናቸው። መምህራቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ተቃውሞ ገጥሟቸው አገር ለቀቁ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም እስከ አርመን ድረስ ተከተሏቸው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1352 በዚያው ዐረፉ። ወደ አገር የተመለሱት ተከታዮች ለረጅም ጊዜ ከክህነት ተገልለው፣ ገዳም እያቀኑ፣ እያስተማሩ ኖሩ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የቅዳሜ ሰንበት ተቀባይነት አገኘ። በሁለቱ ዓመታት መካከል 98 ዓመት አለ። ጉባኤውን ያዩት መነኮሳት መምህሩን በዓይናቸው አላዩም፤ የመምህሩን ቃል ግን ከአፍ ወደ አፍ ተቀብለው አድርሰዋል። ከዚህ የሚበልጥ የምስጋና ማስረጃ ለማግኘት ይከብዳል።

የተጻፈ ውለታ

የቫይሽናቫ ደቀ መዝሙር ምስጋናውን ይጽፋል። የእኛ ደቀ መዝሙር ግን በአብዛኛው በልቡ ይዞት ይሞታል። በቅኔ ቤት በየዕለቱ የሚዘረፈው ቅኔ ያስተዋለ ተማሪ ካልያዘው በነጋታው የለም፤ የመምህራኑም ሕይወት ከተማሪዎቻቸው ትዝታ ውጭ መዝገብ የለውም። ይህን ክፍተት የተረዱ ጥቂት ሰዎች ግን አሉን። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬ የሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ያዘጋጁትና በ1963 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ራሱን የሊቃውንት መታሰቢያ አድርጎ የቀረበ ነው፤ ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህም በዚያው ዘመን የጥንቱን የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት በመጽሐፍ አስቀምጠዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1959 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ለማ ኃይሉ የትዝታ መጽሐፍ ነው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አባታቸውን በቴፕ ቀርፀው፣ ንግግራቸውን በራሳቸው አነጋገር ጠብቀው ወደ መጽሐፍ አመጡት። መንግሥቱ በለንደን የተማሩ፣ ቆይተውም በኒው ዴልሂ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የአባታቸውን ቃል በዘመናዊ ጸሐፊ ቋንቋ አሳምረው ማቅረብ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። አለቃ ለማ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞሩ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የሳቁበትንና ያዘኑበትን በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፤ ልጃቸው ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ።

የመጽሐፉ ታላቅነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንግሥቱ አባታቸውን በቅጽል አያወድሱም። ውዳሴው ያለው ድምፃቸውን ሳያበላሹ በማስተላለፋቸው ነው። በተላለፈው ድምፅ ውስጥም የአለቃ ለማ መምህራን፣ የመምህራኑም መምህራን አብረው ይሰማሉ። በዚህ መጽሐፍ የዜማ ቤት ታማኝነትና የቅኔ ቤት ፈጠራ ተገናኝተዋል፤ ቃሉ እንዳለ ተጠብቋል፣ መንገዱ ግን ከዚያ በፊት ማንም ያልሄደበት ነው። የማዱራካቪ 11 አንጓዎች ለናማልዋር ያደረጉትን ይህ መጽሐፍ ለአንድ ሙሉ የሊቃውንት ትውልድ አድርጓል።

ማጠቃለያ

ሦስቱ ትውፊቶች በሥነ መለኮት እጅግ ይራራቃሉ፤ ልዩነታቸውን ማደብዘዝ ለማንኛቸውም አይጠቅምም። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። መምህር የሚከበረው ተቀብሎ ስላስተላለፈ ነው፤ ደቀ መዝሙርም የሚያመሰግነው በዚያው መንገድ ነው። ውዳሴ፣ ኺድማና ስጦታ ከዚህ ጋር ሲሄዱ ያምራሉ፤ ከዚህ ሲነጠሉ ግን ባዶ ይሆናሉ፤ አንዳንዴም አደገኛ።

ስለዚህ ለአንባቢዬ ግልጽ ጥሪ አለኝ። በኮልፌም፣ በጎጃሙ ደብረ ኤልያስም፣ በጃማ ንጉሥም ያስተማሩን የኔታዎችና ሸሆች በዕድሜ እየገፉ ነው። ከእነሱ የተማርን ሰዎች ስልካችን ድምፅ ይቀርፃል፤ እጃችን ይጽፋል። ከማን እንደተማሩ፣ መምህራቸው ከማን እንደተማረ፣ ምን እንዳወረሱንና የት እንደተሳሳቱ ጭምር እንጠይቃቸውና እንመዝግብ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የባህል መጽሔቶቻችንም ለዚህ ሥራ ገጽና ገንዘብ ይመድቡ። መምህሩ ካረፈ በኋላ የሚደረግ ንግግር ለቤተሰቡ መጽናኛ ይሆናል፤ የውለታው ክፍያ ግን መምህሩ በሕይወት ሳለ መጀመር አለበት።